አውሮፕላኑ ሄዶ ሜዳው ሲቀር



ልጅ ሳለሁ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የታክሲ ረዳቶች «ኦልድ ኤርፖርት! ሁለት ሰው! ኦልድ ኤርፖርት!» እያሉ ሲጮኹ እሰማ ነበር። አንድ ቀን ከአጎቴ ጋር ተሳፈርን። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አውሮፕላን ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ብቅ የሚል የለም። ስንወርድ ረዳቱን «ኤርፖርቱ የታለ?» አልኩት። «ኤርፖርት ካማረህ ቦሌ ሂድ፣ ማሙሽ!» አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀብኝ። አጎቴም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩን ግን አላስረዳኝም።

ኋላ ላይ ነው የገባኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ቦሌ የሚባል አየር ማረፊያ አልነበረም። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። አውሮፕላኑም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው ባለ ሁለት ሞተሩ ሲ-47 ነው። ይህን የአውሮፕላን ዓይነት እባካችሁ በልባችሁ ያዙት፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ የጄት ዘመን መጣ፤ የልደታ ማኮብኮቢያ ለጄት አልበቃ አለ፤ ቦሌ ተሠራ። ልደታም «አሮጌው» ተባለ። ዛሬ በሰፈሩ ቪላው፣ ኤምባሲው፣ ትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ለመንገደኛ የቀረው ስሙ ነው፤ እሱም በረዳቶች አፍ፣ በእንግሊዝኛ።

የዛሬው ንግግሬ ግን ስለ ልደታ አይደለም። አየር ማረፊያዋን ዘግታ፣ በሜዳው ላይ ለዓመታት ተከራክራ፣ ሁለት ጊዜ ሕዝበ ውሳኔ ስላካሄደች ከተማ ነው። ከተማዋ በርሊን ናት፣ ሜዳውም ቴምፕልሆፍ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቴምፕልሆፍ የሚለው ስም የመጣው በመካከለኛው ዘመን እዚያ መንደር ከመሠረቱት ቴምፕላር ከተባሉ የመስቀል ጦረኞች ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ቦታውን ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃል፤ ጃንሜዳ። የፕሩሲያ ነገሥታት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወታደሮቻቸውን የሚያሰልፉበት፣ ፈረሰኛ የሚያስጋልቡበት ሰፊ ሜዳ ነበር። ሰልፍ በሌለ ቀን የበርሊን ሕዝብ ምሳውን ቋጥሮ ይወጣበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወጣቶች አዲሱን የእንግሊዞች ጨዋታ፣ እግር ኳስን፣ እዚያው ይጫወቱ ነበር።

ሜዳ ደግሞ የሚበርሩ ሰዎችን ይስባል። በ1883 ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ አርኖልድ ቦክሊን ሞተር የሌለው ክንፍ ሠርቶ እዚህ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። በ1897 ዴቪድ ሽዋርዝ የነደፈው ከአሉሚኒየም የተሠራ የአየር መርከብ ከዚሁ ሜዳ ተነሣ። ሽዋርዝ ግን አላየውም፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሞቶ ነበር። መርከቡ ወደ ላይ ወጣ፣ የሞተሩ ቀበቶ ወለቀ፣ መሬት ላይ ወድቆ ተሰባበረ፤ አብራሪው ተረፈ። በ1909 ከሁለቱ የራይት ወንድማማቾች አንዱ ኦርቪል መጥቶ በእውነተኛ አውሮፕላን በረረ። የበርሊን ሕዝብም አንጋጦ አየ።

አየር ማረፊያው በይፋ የተከፈተው በጥቅምት 1923 ነው። ሉፍት ሃንዛ የተባለው አየር መንገድ በ1926 ተቋቁሞ መናኸሪያውን እዚያ አደረገ፤ በ1927 ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር ደረሰለት። መንገደኛ ከከተማው መሐል ባቡር ይዞ አየር ማረፊያው ደጃፍ ላይ መውረድ ቻለ። ዛሬም ስንት ዋና ከተማ ይህ እንደሚጎድለው ቦሌ ላይ ሻንጣ እየጎተተ ታክሲ የጠበቀ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ልግባ።

ናዚዎች ሥልጣን እንደያዙ በ1933 በሜዳው ሰሜናዊ ጠርዝ ያለውን ኮሎምቢያ ሃውስ የተባለ የቀድሞ ወታደራዊ እስር ቤት ምስጢራዊ ፖሊሳቸው ጌስታፖ ተረከበው። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ የናዚው ታጣቂ ድርጅት የኤስ.ኤስ. ማጎሪያ ካምፕ ሆነ። ኮሙኒስቶች፣ ሶሻል ዴሞክራቶች፣ አይሁዶች፣ ጸሐፊዎች ተገርፈውበታል። በ1936 ተዘጋ፤ ግን የተዘጋው ለርኅራኄ አልነበረም። የአየር ማረፊያው አዲስ ሕንፃ ቦታውን ፈለገው። እስር ቤቱ በ1938 ፈረሰ። መታሰቢያ የቆመለት ግን በ1994 ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ በኋላ፣ ያውም ከመንገዱ ማዶ።

ሕንፃው የአርክቴክት ኤርንስት ዛገቢል ሥራ ነው። እንደ ቀስት ጎብጦ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። ሃንጋር ከሚባሉት የአውሮፕላን መጠለያዎች ፊት ጣሪያው ያለ አንዳች ምሰሶ ወደ ሜዳው ተዘርግቶ ስለሚወጣ አውሮፕላን ከሥሩ ገብቶ ይቆማል፤ መንገደኛው ዝናብ ሳይነካው ይወርዳል። በዕቅዱ ጣሪያው ራሱ የአየር ትርዒት ለሚያዩ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች መቀመጫ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ጦርነቱ ጀመረና ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ ቀረ። በጦርነቱ ጊዜ ሽቱካ የሚባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች እዚያ ተገጣጠሙ። የገጣጠሟቸውም በአብዛኛው ከተወረሩ አገሮች በግድ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሚያድሩትም ሜዳው ላይ በተተከሉ የእንጨት ሰፈሮች። አርክቴክቱ ኖርማን ፎስተር ይህን ሕንፃ የአየር ማረፊያዎች ሁሉ እናት ብሎታል። እኔ ውበቱን አልክድም። ነገር ግን እናትነቱን ሳስብ የወለዱትን ሳይሆን ያለ ደመወዝ የደከሙትን አስባለሁ።

ጦርነቱ አልቆ በርሊን ለአራት ተከፈለች። ቴምፕልሆፍ ለአሜሪካኖች ደረሰ። በሰኔ 1948 ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚገባውን የመኪና መንገድ፣ የባቡርና የወንዝ መስመር ሁሉ ዘጉ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ዙሪያውን ታጥሮ ቀረ። ክፍት የቀረው ሰማይ ብቻ ነበር፤ እሱም በሦስት ጠባብ መተላለፊያዎች። አሜሪካኖችና እንግሊዞች ከተማዋን በአውሮፕላን እንመግባለን ብለው ተነሡ።

እንመግባለን ሲባል ዱቄትና ወተት ይመስለናል። ከጭነቱ ሁለት ሦስተኛው የድንጋይ ከሰል ነበር! ክረምት በርሊን ላይ ቀልድ አይደለም፤ ያለ ከሰል ዳቦ ጋጋሪውም፣ የመብራት ኃይሉም ሥራ ያቆማል። የከሰል ብናኝ በአውሮፕላኑ ወለል ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የቁጥጥር ገመዶችን ይበላ ነበር። መጀመሪያ ዱቄቱን ይዘው ቴምፕልሆፍ የወረዱት እነማን ናቸው ብትሉ፣ ያ ከልደታ ወደ ካይሮ የበረረው ዓይነት ሲ-47 ነው። በዚያው ሰሞን አንዱ በቀይ ባሕር ላይ መንገደኛ ሲያመላልስ ወንድሙ በርሊን ላይ ዱቄት ያራግፋል። ቆይቶ ትልቁ ባለ አራት ሞተር ሲ-54 ተካው። በ1949 የፋሲካ ዋዜማ በአንድ ቀንና ሌሊት 1,398 አውሮፕላኖች ጭነት አመጡ፤ በከተማዋ ያሉ ማረፊያዎች ሁሉ ተደምረው፣ በአማካይ በየደቂቃው አንድ ማለት ነው። የበርሊን ሴቶች በአካፋና በእጅ ጋሪ ፍርስራሽ እየዛቁ አዳዲስ ማኮብኮቢያ ሠሩ። እገዳው በግንቦት 1949 ተነሣ፤ በረራው እስከ መስከረም ቀጠለ። በጠቅላላው 2.3 ሚሊዮን ቶን ያህል ገባ።

ጌይል ሃልቮርሰን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ አብራሪ በሐምሌ 1948 የሜዳው አጥር ሥር የቆሙ ልጆችን አገኘ። ልጆቹ ስጠን አላሉም። ይህ ነው የነካው። ኪሱ ውስጥ ሁለት ማስቲካ ነበረው፤ ቆራርሶ ሰጣቸው። ያልደረሳቸው መጠቅለያ ወረቀቱን ተካፍለው አሸተቱት። ነገ ከአውሮፕላኑ እጥልላችኋለሁ አላቸው። ስንቱ አውሮፕላን ያልፋል፣ አንተን በምን እንለይሃለን? ክንፌን አወዛውዛለሁ አላቸው። በማግሥቱ በመሐረብ ጃንጥላ የታሰረ ቸኮሌት ከሰማይ ወረደ። አለቆቹ ሲሰሙ ተቆጡ፤ ቆይተው ግን ነገሩ ሥራ ሆነ፤ ሌሎች አብራሪዎችም ተከተሉ። በርሊኖች አውሮፕላኖቹን የዘቢብ ቦምብ ጣዮች አሏቸው። ሃልቮርሰን በ2022 በ101 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ያስረዘምኩት ልጆችና ቸኮሌት ስለምወድ ብቻ አይደለም። ቴምፕልሆፍ ይዘጋ ሲባል የምዕራብ በርሊን ሽማግሌ ለምን እንዳለቀሰ ያለዚህ አይገባችሁም። የምሥራቅ በርሊን ሰው ለምን ትከሻውን እንደሰበቀም እንዲሁ፤ ለእሱ አውሮፕላኖቹ አንዲት ዳቦ አላመጡለትም።

የሚቀጥሉት አርባ ዓመታት ቶሎ ያልፋሉ። ከተማዋ በተከፈለችበት ዘመን ወደ ምዕራብ በርሊን መብረር የሚችሉት የምዕራባውያኑ አሸናፊ አገሮች አየር መንገዶች ብቻ ነበሩ። ከምሥራቅ ላመለጠ ስደተኛ ቴምፕልሆፍ የመውጫ በር ሆነ። ጄቶች እያደጉ ሲሄዱ ሜዳው ጠበበ፤ በ1975 የመንገደኞች በረራ ቴገል ወደተባለው ሌላ ማረፊያ ዞረ። የ1978ቷን ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሁለት ምሥራቅ ጀርመናውያን የፖላንዱን ሎት አየር መንገድ አውሮፕላን በመጫወቻ ሽጉጥ አስገድደው ቴምፕልሆፍ አሳረፉት። ከዚያ በኋላ በርሊኖች ሎት የሚለውን ስም «ቴምፕልሆፍም ያርፋል» የሚል ምሕጻር ነው እያሉ ቀለዱ። የእኛ ሰው ቢሆን ቅኔ ያወጣበት ነበር።

የበርሊን ግንብ ፈርሶ አገሪቱ አንድ ስትሆን ለአንዲት ከተማ ሦስት አየር ማረፊያ ምን ያደርግላታል ተባለ። ማኮብኮቢያዎቹ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ለትልልቅ አውሮፕላኖች አይበቁም። ዙሪያውን ባለ አምስት ፎቅ ቤቶች ከበውታል፤ የኖይኮልን ሰፈር ነዋሪ ሰሃኑን እያጠበ የአውሮፕላን ሆድ ያይ ነበር። በ1996 አንድ ትልቅ ማረፊያ ከከተማው ደቡብ እንዲሠራ፣ ቴምፕልሆፍና ቴገል እንዲዘጉ ተወሰነ።

የመጀመሪያው ሕዝበ ውሳኔ ሚያዝያ 27 ቀን 2008 ተደረገ። ጥያቄው አየር ማረፊያው ክፍት ይቆይ የሚል ነበር። ድምፅ ከሰጡት 60 በመቶው ያህሉ ይቆይ አሉ። ውሳኔው ግን ወደቀ! ሕጉ ከመራጩ ሕዝብ ቢያንስ ሩብ ያህሉ ይሁን እንዲል ይጠይቅ ነበር፤ የተገኘው ግን 22 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ምዕራቡ ወጣ፣ ምሥራቁ እቤቱ ቀረ። ከንቲባው ክላውስ ቮቨራይትም ቢያሸንፍ እንኳ ውሳኔውን አንቀይርም ብሎ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ይህን የሰማ ሰው ለምን ይሰለፍ?

ጥቅምት 30 ቀን 2008፣ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ ሁለት አሮጌ አውሮፕላኖች በሁለቱ ማኮብኮቢያዎች ጎን ለጎን ተንደርድረው ተነሡ። አንዱ የጀርመኑ ዩ-52 ነበር። ሌላው ዲሲ-3፤ ሲ-47 ማለት የእሱ ወታደራዊ መልክ ነው። ሁለተኛ ይመጣል ያልኳችሁ ይኸው። መብራቱ ጠፋ።

ከዚያ ሜዳው ለአንድ ዓመት ተኩል በአጥር ውስጥ ተቀመጠ። ነዋሪዎች አጥሩን ካልዘለልን ብለው ከፖሊስ ጋር ተያያዙ። ግንቦት 8 ቀን 2010 በሮቹ ተከፈቱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ከ200,000 በላይ ሰው ገባ። ከ300 ሄክታር በላይ የሆነ ክፍት ቦታ፣ ከሞናኮ አገር የሚሰፋ፣ በከተማ መሐል፣ በነጻ። ብስክሌተኛው በማኮብኮቢያው ላይ እንደ አውሮፕላን ይንደረደራል። ነፋስ የሚጎትተው ሸራ የያዘ ሰው ጎማ ባለው ጣውላ ላይ ቆሞ ይበርራል። የቱርክ ቤተሰቦች ሥጋ ይጠብሳሉ። በምሥራቁ በኩል ጎረቤቶች ከአሮጌ ጣውላ፣ ከአልጋ፣ ከመታጠቢያ ገንዳ ሳይቀር መደብ እየሠሩ ቲማቲምና አበባ ይተክላሉ፤ መሬቱን መቆፈር ስላልተፈቀደ አፈሩን ከላይ ነው የሚሞሉት። ሣሩ ውስጥ መሬት ላይ ጎጆዋን የምትሠራ፣ እየዘመረች ቀጥ ብላ ወደ ሰማይ የምትወጣ ትንሽ ወፍ አለች፤ ከሌላው ከተማ እየጠፋች ነው፣ እዚህ ግን በዝታለች። በእንቁላሏ ወቅት ሣሩ ይከለላል፣ ውሻ አይገባም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጠባቂዎች በሩን ይዘጋሉ።

ሕንፃውስ? ትልቁ ተከራይ የበርሊን ፖሊስ ነው። ፊልም ይቀረጽበታል፣ ዐውደ ርእይ ይካሄድበታል፤ አውሮፕላን ይቆምበት በነበረው አስፋልት ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውድድር ተደርጎበታል። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ግዙፍ ሕንፃ ምን እንደሚደረግ እስካሁን የቆረጠ መልስ የለም። ማሞቂያው ብቻ ከተማዋን ያስጨንቃል።

የከተማው አስተዳደር ዕቅዱን አወጣ። መሐሉ መናፈሻ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ 4,700 ያህል መኖሪያ ቤቶችና አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ አለ። በመጀመሪያ ስታዩት ምን ይወጣለታል? የበርሊን ኪራይ በየዓመቱ እየናረ ነበር፤ ቤት ያስፈልጋል። ነዋሪዎቹ ግን ሜዳው መቶ በመቶ እንዳለ ይቆይ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ግንቦት 25 ቀን 2014 ሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። 64.3 በመቶ ደገፈ፤ በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ሩብም ሞላ። ሜዳው እንዳይሸጥ፣ ቤት እንዳይሠራበት የሚያግድ ሕግ ሆነ።

ብዙ ሰው ይህን የአረንጓዴ ወዳጆች ድል አድርጎ ይተርከዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ሕዝቡ የጠየቀው «ቤቱ ለማን ነው?» ብሎ ነው። አስተዳደሩ በቂ መልስ አልነበረውም። በዚያው ሰሞን አዲሱ የበርሊን አየር ማረፊያ ይከፈታል ከተባለበት ቀን ዓመታት አልፈው፣ በእሳት መከላከያው ችግር ምክንያት ተዘግቶ ወጪ ይቆጥር ነበር፤ የተከፈተው በ2020 ነው። ያንን ያላከናወነ እጅ ይህን አደራ ቢባል ማን ያምነዋል? ሜዳውን ያዳነው የሣር ፍቅር ብቻ ሳይሆን አለመተማመን ነው። አለመተማመን ደግሞ ለጊዜው ያግዳል እንጂ ቤት አይሠራም። ዛሬ በርሊን ውስጥ ቤት የሚፈልግ ወጣት ባልና ሚስት ያንን ባዶ ሜዳ ሲያዩ የሚሰማቸውን ቅሬታ አላቃልልም። ክርክሩም አልሞተም፤ የጠርዙ ግንባታ ጉዳይ በየምርጫው ይነሣል።

በ2015 ደግሞ ከሶርያ፣ ከኢራቅ፣ ከአፍጋኒስታን ስደተኞች በብዛት ገቡ። ከተማዋ የት ታስተኛቸው? ሃንጋሮቹ ተከፈቱ። ከ2,000 በላይ ሰዎች ጣሪያ በሌላቸው ክፍልፋዮች፣ በአንድ ግዙፍ ጣሪያ ሥር ከረሙ። ሌሊት የአንዱ ልጅ ሲያለቅስ የሌላው ይነቃል። በ1948 ምግብ የወረደበት አስፋልት እንግዳ ተቀበለ። የ2014ቱን ሕግ ለጊዜያዊ መጠለያ ሲባል ምክር ቤቱ በ2016 አሻሻለው። ሕዝብ ያወጣውን ሕግ ምክር ቤት መንካት ይችላል ወይ ተብሎ ታላቅ ጭቅጭቅ ነበር። ሕጉ ይፈቅዳል። አሻሽለውም ሜዳው አልጠፋም።

ሌሎች ከተሞች በሌላ መንገድ ሄደዋል። የቺካጎው ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ በመጋቢት 2003 ሌሊት ቡልዶዘር ልኮ የሐይቁን ዳር ትንሽ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ በትላልቅ የኤክስ ምልክቶች አስቆፈረው፤ እዚያ ያደሩ አውሮፕላኖች መውጫ አጥተው ተገኙ። ዛሬ መናፈሻ ነው፤ ያማረ መናፈሻ። እኔ ግን በሌሊት የተሠራ ነገር ደስ አይለኝም። ሆንግ ኮንግ ባሕር ውስጥ ገብቶ የነበረውን የካይ ታክ ማኮብኮቢያ ጫፍ የመርከብ መንገደኞች ማረፊያ አደረገችው። የዴንቨሩ ስቴፕልተን በ1995 ተዘግቶ ሙሉ የመኖሪያ ሰፈር ሆነ፤ የማኮብኮቢያው ኮንክሪት ተፈጭቶ ለሌላ ሥራ ዋለ። ዴንቨርና ጎረቤቷ ኦሮራ ብዙ ወገኖቻችን ያሉባቸው ስለሆኑ አንዳንዶቻችሁ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ አልፋችሁበት ይሆናል። ስቴፕልተን የቀድሞ ከንቲባ ስም ነው፤ ሰውየው የዘረኛው ቡድን የኩ ክሉክስ ክላን አባል ነበር። ነዋሪዎቹ በ2020 የሰፈሩን ስም ቀየሩ። አየር ማረፊያው ሄዶ ስሙ ቢቀርም፣ ስሙም ደግሞ ይመረመራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለምን አመጣሁት? ቢሾፍቱ አጠገብ ትልቅ አዲስ አየር ማረፊያ እየታሰበና እየተጀመረ እንደሆነ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቦሌ ይዘጋል የሚል ወሬ ይዤ አልመጣሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ሰማን ብላችሁ እንዳታወሩብኝ። ነገር ግን ከተማ መሐል ያለ አየር ማረፊያ ዕጣው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ከከተማ ውጭ ይሠራል፣ ከተማው ይከበዋል፣ አውሮፕላኑ ያድጋል፣ አንድ ቀን በከፊልም ይሁን በሙሉ ይለቀቃል። ልደታን ያስለቀቀው ይኸው ነው። ያ ቀን ቦሌ ላይ ከመጣ ሰፊ መሬት፣ ውኃ በማያቁር አስፋልት የተሸፈነ፣ በመሐል ከተማ ይገኛል። ማን ይወስናል? በርሊን ላይ ችግሩ ውሳኔው መዘግየቱ አልነበረም፤ ጥያቄው ለሕዝብ የቀረበው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ያለቀ ዕቅድ ይዘህ ስትመጣ ሕዝብ ያለው አማራጭ እሺ ወይም እምቢ ብቻ ነው። በርሊኖች እምቢ አሉ።

ክፍት ሜዳ ሥራ ፈት ነው የሚለኝ ሰው ካለ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ የተባለው ገበያ የት እንደሄደ ላስታውሰው። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ጃንሜዳ ገባ። ከተማዋ ተራርቆ የሚገበያይበት ቦታ ስትፈልግ የተገኘው ማንም ፎቅ ያልሠራበት ሜዳ ነበር። ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ገበያው ተነሥቶ፣ ሜዳው ተጠርጎ፣ ታቦታቱ ገቡበት። ጃንሜዳን ማንም «ለክፉ ቀን» ብሎ በዕቅድ አላስቀመጠውም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ነበረ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቴምፕልሆፍ ሜዳ ላይ ስትሄዱ ዙሪያውን ጽሑፍና ፎቶግራፍ የያዙ ሰሌዳዎች ቆመዋል፤ እዚህ እስር ቤት ነበር፣ እዚህ የግዳጅ ሠራተኞች ያድሩ ነበር፣ እዚህ ዱቄት ይራገፍ ነበር ይላሉ። ክርክራቸው የቱንም ያህል ቢመርር ስለምን እንደሚከራከሩ ያውቃሉ። እኛ ስለ ልደታ ያለን የታክሲ ጥሪ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከመካከላችሁ ልደታ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ያያችሁ፣ ወይም እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ እዚያ ዘመድ የሸኙ፣ እንግዳ የተቀበሉ፣ ሻንጣ የተሸከሙ፣ በአጥሩ በኩል አሻግረው ያዩ ካሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እኔን አግኙኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ አልቸኩልም።